የቅዳሜ ዋስ

አሻግሬ በእግር መሄድ ያቆመው ሱዳን ድንበር ላይ ነው። ከጎንደር ተነስቶ አሥራ አንድ ሌሊት ተጉዞ በተሻገረ ማግስት፣ ያበጠ እግሩን ገዳሪፍ ውስጥ ቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ «ከእንግዲህ ይህ እግር ፔዳል ይረግጣል እንጂ መሬት አይረግጥም» ብሎ ማለ። ሰው በችግሩ ቀን ብዙ ይምላል፤ ችግሩ ሲያልፍ መሐላውም አብሮ ያልፋል። የአሻግሬ ግን አላለፈም። ይኸው በፈረንጅ 1998፣ ቴክሳስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ባለችው የዩለስ ከተማ ውስጥ፣ ከአፓርትመንቱ በር እስከ ፖስታ ሳጥኑ ያለችውን ሰማንያ እርምጃ በመኪና ይሄዳታል። ገበያ ሲወጣ ለበሩ የቀረበ ቦታ እስኪለቀቅ ሩብ ሰዓት ፓርኪንጉን ይዞራል። ሚስቱ ዓለምጌጥ «ወርደን ብንሄድ እስካሁን ገዝተን ተመልሰን ነበር» ስትለው፣ «እኔ ድርሻዬን ሄጃለሁ» ይላታል። ሥራውም እንደ መሐላው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ያመላልሳል፤ የሻትል ሹፌር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ ዓለምን በስፖኪዮ እያየ ኖሯል።

እንግዲህ ይኼ ሰው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከላዩ ጋቢ ደርቦ፣ ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር ከአንድ የእንጨት ሰሌዳ ፊት የተገተረው። ሰሌዳው ላይ የመንገዱ ካርታ ተስሏል፤ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ጫካ ይገባል፣ ጫካውን ዞሮ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ይወጣል። ከሥሩ «ሁለት ማይል፣ ቀላል» ይላል።

«ሁለት ማይል ስንት ነው?» አለ ግዛቸው።

«ሁለት ደቂቃ» አለ አሻግሬ፣ በሃይዌይ ልማዱ።

የመጡት ለሽምግልና ነው። ሦስት ናቸው። ግዛቸው በአውሮፕላን ማረፊያው የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚውል፣ ደግ፣ ወፍራም፣ ቁርስ በልቶም የሚርበው ሰው ነው። ሁለተኛው ጥዑመልሳን የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው፤ ሰላምታውን እስኪጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ለንግግር ግን አቻ የለውም ተብሎ ነው የተመረጠው። ሦስተኛው አሻግሬ ነው፣ በአባት ምትክ። የሚዳረው ልጅ አንዷለም የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ራቅ ባለችው ሪቻርድሰን ከተማ የስልክ ኩባንያ የቀጠረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መጋዘኑን ያልተወ፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሚፈልጋት ደግሞ የአቶ ይርጉን ልጅ ሊድያን ነው። ሊድያም ትፈልገዋለች፤ «ግን አባዬ ካልባረከ ኖ ዌይ» ብላለች፤ ካለች አለች ነው።

ሁለት ጊዜ አቶ ይርጉ ቤት ሄደው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «የሉም፣ ዋክ ላይ ናቸው» ተብለው፣ ግዛቸው የበሩን ደወል እየረገመ ተመለሱ። በሦስተኛው አሻግሬ ስልክ ደወለ።

«ቅዳሜ ቤት አታገኙኝም» አሉ አቶ ይርጉ። «ናይን ኤኤም ላይ ሐይቅ ዳር ዞር ዞር እላለሁ። ከፈለጋችሁ እዚያ ኑ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ይህንን የተረጎሙት እንደ አገራቸው ሰው ነው። ሐይቅ ዳር ሲባል ቢሾፍቱ ነው ትዝ ያላቸው፤ ጥላ፣ ጠረጴዛ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ «ምን ይምጣላችሁ» የሚል አስተናጋጅ። ዞር ዞር ማለትም በእነሱ አማርኛ ከመኪና ወርዶ ወንበር እስኪገኝ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አሻግሬ ለሰርግ የሚያወጣውን ጥቁር ጫማ አደረገ፤ ጫማው ገና ሰው አልለመደም። ግዛቸው ደግሞ ለዓሣው ብሎ ቁርሱን ዘለለ።

አሁን ስለ ሽምግልና ሕግ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ የዚያን ቀን ስቃይ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው። ሽማግሌ የመጣበትን ነገር ሳይናገርና መልካም ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፤ ሽማግሌው «ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም» ይላል። ወንበር ላይ ቀድሞ ያረፈ ሽማግሌ ልጅቱን እንደማይፈልጋት ይቆጠራል። ሳሎን ውስጥ ይህ ቀላል ሕግ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቆሞ ነገሩ ያልቃል። ሕጉን የሠሩት አባቶች ግሬፕቫይን ሐይቅን አላዩትም።

ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንዷለም ከመጋዘኑ ደውሎለት ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ ሦስተኛ ነው። ዛሬ ካልሆነ አራተኛ የለም። ሲያልቅ ኮል ያድርጉልኝ፤ ‹ተቀመጣችሁ?› ብቻ ነው የምጠይቅዎት» አለው። አሻግሬ «አይዞህ» አለ። አይዞህ ያለው አፉ ነው፤ ሆዱ ፈርቷል። የአንዷለምን አባት ብርሃኔን ስንት ዓመት ሙሉ በሕልሙ ያየዋል። ሚስቱም የማታውቀው አንድ ነገር አለና። ከአሥራ አንዱ ሌሊት ሦስቱን አሻግሬ በእግሩ አልሄዳቸውም። ወባ ጥሎት፣ ብርሃኔ በጀርባው አዝሎ ነው ያሻገረው። በዓመቱ ያው ወባ ብርሃኔን እዚያው ገዳሪፍ ወሰደው። ሲሞት «ልጄ ጎንደር ቀርቷል፤ እግር ጥሎህ ካገኘኸው አባት ሁነው» አለ። ይህን ልጅ ዛሬ ካልዳረለት አሻግሬ ብርሃኔን በሕልሙ በምን ዓይኑ እንደሚያየው አያውቅም።

አቶ ይርጉ በሰዓታቸው መጡ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሚስታቸው ሮማነወርቅ ካረፈች። የለበሱት ቁምጣ ነው። ሽማግሌዎቹ ቁምጣውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ በቁምጣ ሽማግሌ የሚቀበል አባት ከአገር ቤት እስከ ቴክሳስ አይተው አያውቁም። ሊድያ ከኋላቸው ቦርሳ አዝላ፣ ዎክማን ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች፤ እጅ ነስታ አንገቷን ደፋች። በዎክማኑ ውስጥ ዘፈን እንዳልነበረ፣ የሚባለውን ሁሉ ትሰማ እንደነበር አሻግሬ ያወቀው ኋላ ነው።

ጥዑመልሳን ጋቢውን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። «ክቡር አቶ ይርጉ፤ አበው ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዳሉት፣ እኛም ዛሬ በደጅዎ...»

«ቆሜማ አይሆንልኝም» አሉ አቶ ይርጉ። «ዶክተሬ እየተራመድክ አውራ ብሎኛል። በሉ እየሄድን።» ሄዱም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች የሄደውን ቁምጣ አይተው፣ ሰሌዳውን አይተው፣ ሐይቁን አዩ። ጠረጴዛ የለም። ዓሣው ውኃ ውስጥ ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተከተሉ።

የመጀመሪያው ግማሽ ማይል የሐይቁ ዳርቻ ነበር። ማለዳው ደስ ይላል፤ ውኃው ላይ ጀልባዎች ሸራቸውን ነፍተዋል፣ ነጫጭ ወፎች ይጮኻሉ፣ ሣሩ ላይ ሰማያዊ አበባ ምንጣፍ ሆኗል። አሻግሬ ከዚህ ሁሉ ያየው አሸዋውን ብቻ ነው፤ አሸዋው የሰርግ ጫማው ውስጥ እየገባ ነበርና። ጥዑመልሳን ጎን ለጎን እየሮጠ ንግግሩን ለመቀጠል ይታገላል። «...ከዘር ከሐረጉ የታወቀ፣ ከቃሉ የማይወጣ፣ ልጃችን አንዷለም የእርስዎን ልጅ...»

ከላያቸው አውሮፕላን አለፈ። በዚያ ሰፈር አውሮፕላን የሚያልፈው ጣራ ሊነካ ነው፤ ቃሉን ጠራርጎ ወሰደው።

«ምን አልከኝ?» አሉ አቶ ይርጉ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ክፍል የሠራ ሰው ጆሮው ይደክማል፤ የእሳቸው ግን ሲፈልጉ ነው የሚደክመው።

«የቺካጎው ነው» አለ አሻግሬ እያለከለከ። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ የአትላንታው አለ። አሳጥረው!»

ጥዑመልሳን ማሳጠር ከማያውቅ ቤት ነው የተወለደው። አትላንታም ደረሰበት።

የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ብቅ አለ። ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወደ ውኃው የዞረ፣ ዝናብ ያጠበው፣ ሰፊ። አሻግሬ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ያማረ ወንበር አላየም። አቶ ይርጉ ቆም አሉና በእጃቸው ጋበዙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ። ከፂማቸው ሥር አንድ ነገር ስትስቅ አሻግሬ አያት። አሃ! ሰውዬው ሕጉን ያውቃል፤ አውቆ ነው ያመጣን፣ አለ በልቡ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። የግዛቸው ድምፅ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

«እንደ ወደዳችሁ» አሉ አቶ ይርጉና ቀጠሉ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

ሁለተኛው ወንበር ጋ ሲደርሱ የአሻግሬ ተረከዝ ተልጧል። ግዛቸው ጋቢውን እንደ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል። አቶ ይርጉ አሁንም በትሕትና «ተቀመጡ» አሉ። አሁን ግን መጽሐፍ ጨመሩበት፤ እሳቸውም ዳዊት የደገሙ ናቸው።

«አብርሃም በዛፍ ሥር ሆኖ ሦስት እንግዶች ሲመጡበት ምን አለ? ከዛፉ ሥር ዕረፉ አለ። ዐረፉም። አንቀመጥም ብለው አላስቸገሩትም። እናንተ ከእነዚያ ትበልጣላችሁ?»

ግዛቸው በተስፋ ጥዑመልሳንን አየው። በመጽሐፍ ከተፈቀደ ምን ቀረ? ጉልበቱ መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

«እነዚያ ሊሰጡ ነው የመጡት» አለ ጥዑመልሳን ላቡን እየጠረገ። «እኛ ልንለምን ነው። ለማኝ ይቆማል።»

«አንተ ሰው» አለ ግዛቸው በሹክሹክታ፣ «አንድ ቀን እንኳ መልስ ባይኖርህ ምናለ?»

ሦስት ባለ ጋቢ ሰዎች ባዶ ወንበር ከበው ቆመው፣ አንድ ባለ ቁምጣ «ተቀመጡ» እያለ ሲለምናቸው፣ በዚያ በኩል የምትሮጥ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ፍጥነቷን ቀነሰች። አያቸው፣ ወንበሩን አየች፣ ሊድያን አየች። ሰርግ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች።

«ኖት ዬት» አለ ግዛቸው በተሰበረ ልብ።

መንገዱ ከውኃው ተለይቶ ጫካ ገባ። ጫካው የባሉጥ ዛፍ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነፍስ ያድሳል። ግዛቸው ከመንገዱ ዳር ለምለም ቅጠል ቀነጠሰና ፊቱን ማራገብ ጀመረ። ሊድያ ከኋላ «ጋሼ ግዛቸው፣ ዶንት ተች! እሱ ቅጠል ያሳክካል!» ብላ ጮኸች። ግዛቸው ግን ፊቱንም አንገቱንም አዳርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረውን መንገድ በአንድ እጁ ጋቢውን እየያዘ በሌላው እያከከ ተጓዘ።

ጥዑመልሳን አሁን አውሮፕላኑ በዛፎቹ ተጋርዷል፣ ዕድሌ ነው ብሎ ልጁን ማወደስ ያዘ። «ባለ ሥራ ነው! ሪቻርድሰን ጥሩ ፔይ የሚደረግበት ጆብ ይዟል። እዚያው አፓርትመንት ሊዝ አድርጓል፤ ሁለት ቤድሩም! ሊድያ ከሠርጉ በኋላ እዚያው ነው የምትገባው፤ ምንም አትቸገርም...»

አቶ ይርጉ ይህን ሲሰሙ ፍጥነታቸውን ጨመሩ። ጥዑመልሳን ደስ ብሏቸው መሰለው። አሻግሬ ግን አልመሰለውም።

አሻግሬ በዚህ ጊዜ ከሁሉም ኋላ ቀርቷል። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ በካልሲ ነው የሚሄደው፤ በየእርምጃው አንድ እሾህ በስሙ ይጠራዋል። ተናዷል። በአቶ ይርጉ ተናዷል፣ በአብርሃም ተናዷል፣ ቀላል ብሎ በጻፈው ሰው ተናዷል። ይኼ ሰውዬ ልጁን የማይሰጥ ከሆነ አልሰጥም ብሎ ለምን አይገላግለንም? እንዲህ እያለ ነው ዓይኑ ሳያስበው ሥራውን የሠራው። አሥራ ሁለት ዓመት ስፖኪዮ ያየ ሹፌር፣ ከፊቱ ያለው ሰው ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚያይ ሳይቆጥር አያልፍም።

አቶ ይርጉ በየሠላሳ እርምጃው ዘወር ይላሉ። መጀመሪያ እኛን እየጠበቁ ነው ብሎ ነበር። አይደለም። ዓይናቸው ሦስቱን ሽማግሌዎች እንደ ዛፍ ዘሎ ሊድያ ላይ ያርፋል፣ ይመለሳል። ሊድያ የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ ያለች ጊዜ አቶ ይርጉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወፍ የሚያዩ መስለው ቅርንጫፍ ላይ አፈጠጡ። ቅርንጫፉ ላይ ወፍ አልነበረም። ሊድያ ስትነሳ እሳቸውም እግራቸውን አነሱ።

ሦስተኛው ወንበር ጋ «ተቀመጡ» የሚለው ነገር እንደገና ተደገመ፤ እንደገናም አልተቀመጡም። ሊድያ ግን ከቦርሳዋ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ አወጣች። አቶ ይርጉም ተቀብለው ጠጡ። ሊድያ እስኪጨርሱ ፊታቸውን እያየች ቆየችና ባዶውን ተቀበለቻቸው። ይህን ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ እንደ ሹፌርና ረዳት ናቸው፣ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ።

አሻግሬ ወደ ልጅቱ ቀረብ አለ። «ምንድነው እሱ?»

«ሹገሩ ይወርዳል ጋሼ» አለች ዝቅ ብላ። «ላስት ዪር እዚህ ወደቀ። አሎን ነበር። ሰው እስኪያገኘው ሎንግ ታይም። ሶ፣ አሁን ሁልጊዜ እኔ አብሬ እመጣለሁ።» ከዚያ የአሻግሬን እግር አየችና ደነገጠች። «ጋሼ! ሹዝህ የት ነው? ኦኬ ነህ?»

«ኦኬ ነኝ» አለ አሻግሬ። ኦኬ አልነበረም። ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ፣ ልጅ ሊወስድ መጥቶ፣ ከሰውዬው ላይ ምን እየወሰደ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀም። ሚስቱን ቀብሮ፣ አንዲት ልጅ የቀረችው ሰው፤ ልጅቱ ሪቻርድሰን ስትገባ ይኼን ጫካ ብቻውን ሊዞረው ነው። እኔ ብሆንስ ዝም ብዬ እሰጣለሁ? ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ቴክሳስን ነበር የማዞራቸው፣ አለ ለራሱ።

አራተኛውን ወንበር አለፉ። አምስተኛውን አለፉ። በአምስተኛው ላይ አንድ ሽኮኮ ቁጭ ብሎ ፍሬ ይበላ ነበር፤ ግዛቸው ሽኮኮውን በቅናት አየው። ከዚያ ጫካው ተከፈተና ፓርኪንጉ ታየ። ሁለት ማይሉ አለቀ፤ ሁለት ደቂቃ የተባለው መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል። ወንበር የሚባል ነገር እዚያ የለም። መኪናዎቹና አስፋልቱ ብቻ።

አቶ ይርጉ ቁልፋቸውን አወጡ። «እንግዲህ ስላገኘኋችሁ ደስ ብሎኛል። ነገሩን እናስብበታለን» አሉ። እናስብበታለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ፓርኪንግ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሊድያ ዎክማኑን ከጆሮዋ አወለቀች።

ጥዑመልሳን ደረቱን ነፋ። «ክቡር አቶ ይርጉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ አበው...»

«ጥዑመልሳን፣ እባክህ» አለ አሻግሬ፣ «እንቁላሉ ይቆየን።» ከዚያ በካልሲው፣ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ፣ አቶ ይርጉ ፊት ቆመ። «እኔ ንግግር አላውቅም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን አብሮዎት ሊሄድ ነው?»

አቶ ይርጉ ዓይናቸውን ከእሱ አነሱ። የመኪናቸውን ቁልፍ ያገላብጣሉ። ያቺ ከፂማቸው ሥር ስትስቅ የነበረችው ነገር የለችም።

«ልጁን ጠልቼው አይደለም» አሉ። «ጥሩ ልጅ ነው። አባቱንም በስም አውቀዋለሁ። ግን... ሮማን ከሞተች ቅዳሜ ከባድ ነው። በሥራ ቀን ሰው ይረሳል። ቅዳሜን ይቺ ልጅ ናት የምታሻግረኝ። ብቻዬን ልሞክር ብዬ ወደቅኩ። አሁን ይኼ ለሽማግሌ የሚነገር ነገር ነው? አፍሬ ነው።»

«አባዬ» አለች ሊድያ።

አሻግሬ እግሩን አየ። ካልሲው ተቀዷል፣ ከተረከዙ ደም ወጥቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው መሐላ ነው። መሐላውን ዩለስ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይስቁበታል። አሁን ግን የታየው የገዳሪፉ ባልዲ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ሌሊቶች ናቸው። የብርሃኔ ጀርባ ታየው፤ ላቡ፣ ትንፋሹ። ደሞ ብርሃኔ አንድም ጊዜ ከበድከኝ አላለውም።

«በአገራችን አባት ልጁን ሲድር ዋስ ጥሩ ይላል» አለ። «እርስዎ ዋስ አልጠየቁንም። እኔ ልሁን። ለልጁ አይደለም፤ ለቅዳሜ። በየሳምንቱ ናይን ኤኤም ላይ እዚህ ሰሌዳ ሥር ያገኙኛል። ጭማቂውንም እይዛለሁ።»

ግዛቸው ማከኩን አቆመ።

«አንተ?» አሉ አቶ ይርጉ። «ፖስታህን በመኪና የምታመጣው አሻግሬ?»

«እኔው።»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ዣንጥላ አለኝ።»

«እንደ ዛሬ ወደ ኋላ ከቀረህስ? እኔ አልጠብቅም።»

«ይጠብቃሉ» አለ አሻግሬ። «ወፍ የሚያዩ መስለው ይጠብቃሉ። አይቼዎታለሁ።»

አቶ ይርጉ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ዓይናቸውን እስኪያረጥብ። ሊድያን በእጃቸው ጠርተው ግንባሯን ሳሙ። ወደ ሽማግሌዎቹም ዞሩ።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «አሁን ተቀመጡ።»

የት? አምስት ወንበር በዓይናቸው እያለቀሱ አልፈው ነው እዚህ የደረሱት። ጥዑመልሳን ዙሪያውን ፈለገ። ግዛቸው ግን አልፈለገም፤ የመኪና ጎማ የሚቆምበት የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለና «እሰይ!» አለ፣ ከሆዱ ጥልቅ። ጥዑመልሳን ጋቢውን አጣጥፎ ከጎኑ ተቀመጠ፣ አሻግሬም ከመካከላቸው ተጠጋ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ዝናብ እንደመታቸው ዶሮዎች ተጠጋግተው፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ከላያቸው የዴንቨሩ አለፈ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አሻግሬ ከዚያ የተመቸ መቀመጫ በዚያ በሰባት መቶ ዶላር ሶፋው ላይ እንኳ አግኝቶ አያውቅም።

ምርቃቱ አበቃ። የጀልባ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ስልክ ነበር። ሱቁ ከመኪናው ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። አሻግሬ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። እያነከሰ በእግሩ ሄደ። ሳንቲሙን ጨመረ። አንዷለም ስልኩ ሳይጠራ ነው ያነሳው ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ተቀመጣችሁ?»

«ተቀምጠናል፣ ልጄ።»

ከመጋዘኑ ማሽን ድምፅ መካከል ሲቃ ተሰማ። አንዷለም እያለቀሰ ነው፤ አሻግሬም ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዓሣ ሥዕል እያየ ዓይኑን ይጠርጋል። ዋስ መሆኑን ነገረው።

«እርስዎ? በእግር? በየሳምንቱ?» አለ አንዷለም። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ‹ድርሻዬን ሄጃለሁ› ነው የሚሉት።»

«ዋሽቼ ነው» አለ አሻግሬ። «ሦስት ሌሊት ይቀረኛል። አባትህ ነው የሄደልኝ።»

«የምን ሌሊት?»

«ማታ ቤት ስትመጣ እነግርሃለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር። ለሽማግሌ ጋቢ ይሰጣል፣ አይደል? እኔ ጋቢ አልፈልግም። የዋክ ጫማ ግዛልኝ፤ ሳይዝ ቴን። ከቅዳሜ በፊት አድርሰው።»